የሰሜኑ ነፋስ እስኪበርድ

ዌንደል፣

ነፋሱ ሳይመሽ ወደ ሰሜን ይዞራል። መልህቁ ትናንት እየተንሸራተተ ነበርና ሰንሰለት ልቀቅለት። ጀልባዋ ድንጋይ ላይ ከወጣች እኔን እንዳትጠራኝ።

ዓሣው ድስቱ ውስጥ ነው።

ግንባርህን በአልኮል ጥረገው። የሸራውን ገመድ በምናጠብቅበት የብረት እጀታ ስመታህ ዓይንህ ላይ አላነጣጠርኩም ነበር። ስለ እሱ ከዚህ በላይ ምንም አልልም።

አንተ ግን ጸጉሬን ይዘህ ከጠረጴዛው ጋር ያላተምከኝ፣ «ነፋሱ እስኪበርድ ትንሽ እንጠብቅ» ስላልኩህ ብቻ ነው። «ፈሪ! እዚሁ ባሃማስ ልታረጂ ነው?» እያልክ።

አንድ ያላወቅከው ነገር አለ። ስንደባደብ የሬዲዮው መነጋገሪያ ወድቆ ትራሱ ሥር ገብቷል፤ የመናገሪያ ቁልፉም እንደተጫነ ስለቀረ የምንለው ሁሉ ወደ ውጭ ይተላለፍ ነበር። ወደቡ ላይ ነፋሱ እስኪበርድ የሚጠብቅ ጀልባ ሁሉ ስድብህንም ጩኸቴንም ሰምቷል። ጠዋት መነጋገሪያውን አግኝቼ ቁልፉን ከለቀቅኩት በኋላ በሬዲዮ የአየሩ ሁኔታ ሲነገር፣ እንደወትሮው የሚቀልድ አንድም ሰው አልነበረም። አንተ ነዳጅ ልትቀዳ ስትወጣ ጎረቤታችን አይሪስ እየቀዘፈች መጣችና፣ «ነይ የኔ ልጅ፣ ልብስሽን ያዢ። ማታ ሁላችንም ሰምተናል» አለችኝ። አሁን ትንሿ መቅዘፊያ ጀልባዋ ውስጥ ሆና እየጠበቀችኝ ነው።

መነጋገሪያውን አትፈልገው። ቁልፉ እንደገና ተጭኖ እንዲቆይ በፕላስተር ጠቅልዬዋለሁ፤ የት እንደደበቅኩት አልነግርህም። ጀልባዎቹ ሁሉ በሚሰሙት የሬዲዮ መስመር ዛሬ ማንም አያወራም፤ ሁሉም ጆሮውን ሰጥቶ አንተን ይጠብቃል።

በል እንግዲህ፣ አሁን ፈሪ በለኝ።

ሮዝሊን