የአባባ ምርቃትና የተጣደፈው ኮምፒውተር

ጥቅምት 6፣ ጠዋት
ሻይ በግራ፣ ማውስ በቀኝ። የኮምፒውተሬን ፕሮሰሰር ፍጥነት ሌላ እርከን ከፍ አደረግኩት። ያዘ! ሙቀት ስልሳ ስምንት።

ለምን እንደምጣደፍ ልንገርህ፣ ደብተሬ። ለመድኃኔዓለም የአባባ ሙት ዓመት ነው። በእህቴ ሠርግ የመረቁበት የድሮ ቪዲዮ ድምፁ ይንሿሿል፤ አጥርቼ ለዘመድ ላሳይ። በነበረው ፍጥነት ግን አይደርስም። ማዘርቦርዱ፣ ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ፣ ደግሞ ርካሽ፤ ለፕሮሰሰሩ ኃይል የሚሰጠው ክፍል ሙቀት የሚያወጣለት ብረት የለውም። ስለዚህ ቀስ በቀስ። ከፍ፣ ሥራ ማብዛት፣ ሙቀት ማየት። ቮልቴጁን አልነካም። ከተቃጠለ ሌላ የለኝም፤ ከሉማሜ የሚመጣው ዘመድ ሁሉ ሹሹታ ሊሰማ ነው።

ጥቅምት 8፣ ማታ 12 ሰዓት
ቪዲዮውን እያጠራ ትቼው ሄጄ፣ ከት/ቤት ስገባ ጠፍቶ አገኘሁት። መብራት አልሄደም። ሙቀት መመዝገቢያውን ከፈትኩ፤ ዘጠና ስምንት ደርሶ ራሱን አጥፍቷል። በዚህ ብርድ? የደ/ማርቆስ ጥቅምት እኮ ነው! አንድ እርከን ዝቅ።

ጥቅምት 9
ዛሬም ጠፋ። ቤት ስሆን ደህና፣ ስወጣ ይግላል። መምህር ሲወጣ እንደሚረብሽ ክፍል። ፋኑን ጠረግኩ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባውን የማቀዝቀዣ ቅባት ቀየርኩ። ከፍታው ይሆን? አየሩ ስስ ነውና። ግን እኔ ስወጣ ከተማው ከፍ አይል። ግራ ገባኝ። ደስ የሚል ግራ መጋባት ግን፤ እንቅልፍ ነሳኝ።

ጥቅምት 10
የፈተና ወረቀት ረስቼ ከመንገድ ተመለስኩ። የኮምፒውተሩ ሳጥን ላይ የእማዬ ዳንቴል፣ ለሁለት ታጥፎ። በላዩ የፕላስቲክ አበባ። ሙቀቱ የሚወጣው በዚያው በላይ በኩል!

ለካ ጠዋት ስወጣ ታለብሰዋለች፣ ልመጣ ስል ታነሳዋለች። አምና ቴሌቪዥኑን ስታለብስ አጉረምርሜባት ነበርና ደብቃኝ ነው። የአባባ ድምፅ ያለበት ዕቃ አቧራ ሲጠጣ ማየት አልሆነላትም። አፈርኩ። ያጋለው ዳንቴሉ መሆኑን ስነግራት፣ አባትህን አቃጠልኳቸው ወይ ብላ ደነገጠች። የለም፣ ደህና ናቸው አልኳት።

ልስማቸው አለች። ሳይጠራ እንዲሁ ከፈትኩላት። አባባ ይመርቃሉ፣ ያርፋሉ፣ ይመርቃሉ። እማዬ ከሠርገኛው ቀድማ አሜን ትላለች። ሹሹታውን የሰማችው አልመሰለኝም።

ይሄን ዕቃ ለምን እንደማጣድፈው ጠየቀች። እንዲደርስ፣ አልኳት።

«አባትህ ዕድሜ ልካቸውን ቀስ ብለው ያወሩ ሰው ናቸው። አሁን ምን አስቸኮላቸው?»

ጥቅምት 11፣ ጠዋት
ወሰንኩ። ፍጥነቱን ወደነበረበት መለስኩ። የሠርጉ ጭፈራ እንዳለ ይቅር፤ ምርቃቱን ብቻ አጠራለሁ፣ ለእሱ ቀኑ ይበቃል። ያለ ዳንቴል እስከ ስንት እንደሚሄድ ግን ማወቄ አይቀርም፤ ከሙት ዓመቱ በኋላ።

አሁን ፋኑ ዝም ብሏል። እማዬ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀምጣለች። ዳንቴሉ ጭኗ ላይ ነው። አባባ ማረፍ ላይ ናቸው፣ እሷም አሜኗን ይዛ ትጠብቃለች።