ስለ ኮምፒውተራችን ትኩሳት እና ጠፋ ስለተባለው ጩኸቷ

ለክቡር የንብረት አስተዳደር ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ያለ ፈቃድ ስለ ቀዘቀዘች ኮምፒውተር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ማኅተምዎና የማኅተምዎ ቀለም እንደምን ከርመዋል? እኛ በላይኛው ፎቅ በሥዕል ክፍል የምንገኝ ሠራተኞችዎ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና፣ በላብ ከመጠመቃችን በቀር ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ የተገደድሁት፣ ከዚህ በፊት ያቀረብኋቸው ማመልከቻዎች ጠረጴዛዎ ላይ ተደራርበው በሰላም ተኝተው ስላየኋቸውና እንቅልፋቸውን መረበሽ ነውር መስሎ ስለታየኝ መሆኑን በትሕትና እገልጻለሁ።

ከሥራ ብዛት ረስተውን ከሆነ፣ እኛ ገና ያልተሠሩ ሕንፃዎችን የተሠሩ አስመስለን በተንቀሳቃሽ ምስል የምናሳይ ሰዎች ነን። ለዚህ ሥራ ያለችን አንዲት ጉልበተኛ ኮምፒውተር ስትሆን፣ ስታዝዘን እንጂ ስትታዘዘን አይተን ስለማናውቅ እሜቴ እንላታለን። በሆዷ ውስጥ ግራፊክስ ካርድ የሚባል፣ ምስሉን ሁሉ የሚሠራላት ክፍል አለ። ካርዱ ሥራ ሲበዛበት እሳት ይሆናል፤ እንዲያቀዘቅዙት ከተገጠሙለት ሁለት ትንንሽ ማራገቢያዎች ደግሞ አንዱ ሞቷል፣ ሌላው እንደ ወፍጮ ከመጮኽ በቀር የሚያወጣው ነፋስ የለም። ስለዚህ እሜቴ ምስሉን ታጋምስና፣ ከመቃጠል ይሻላል ብላ ራሷን ትስታለች፤ እኛም ሥራውን ከሀ እንጀምራለን።

አሁን በእጃችን ያለው የአንድ የእናቶች ሆስፒታል ምስል ነው። ሰኞ ጠዋት ካላስረከብን የሥዕል ክፍሉ እንደሚዘጋ ዋና ሥራ አስኪያጁ ቁርጡን ነግረውናል። ይህን ማንሳቴ ክቡርነትዎን ለማስጨነቅ አይደለም፤ ክፍሉ ሲዘጋ የምንመልሳቸው ወንበሮች ብዙ ስለሆኑ መጋዘንዎን ከወዲሁ እንዲያሰናዱ ብዬ ነው። ወደ ዝርዝሩ ልለፍ።

አንደኛ፣ ስለ ልብሱ። ኮምፒውተሮች ሁሉ አቧራ እንዳይነካቸው ወፍራም ሽፋን እንዲለብሱ፣ ሽፋኑም በሥራ ሰዓት ጭምር እንዳይወልቅ ያወጡት መመሪያ ደርሶናል። ስፌቱ ግሩም ነው፤ ቀለሙም ከመጋረጃው ጋር ይሄዳል። ትኩሳት ለያዘው ሰው ብርድ ልብስ መደረብ ደግሞ ከጥንት የነበረ ደግነት ነው። ባለፈው ሳምንት ሊጎበኙን የመጡ አንድ እንግዳ፣ እሜቴ ተሸፋፍና ስታቃስት ሰምተው ሰው ታሞ የተኛ መስሏቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እግዜር ይማርላችሁ ብለውን ሄደዋል።

ሁለተኛ፣ ስለ ማቀዝቀዣው። ገበያ ላይ የሚገኙትን መላዎች ዘርዝሬ አመልክቼ ነበር፦ በካርዱና በላዩ ባለው ብረት መካከል የደረቀውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት መቀየር፤ ወይም የማይሠሩትን ማራገቢያዎች አንስቶ ትልልቅ መግጠም፤ አቅም ከፈቀደም በቀጭን ቱቦ እየዞረ የሚያቀዘቅዝ ፈሳሽ ያለውን መግዛት። ክቡርነትዎ አንዱንም አልናቁም፤ ለዚህም ምስጋናዬ ከልብ ነው። ቅባቱ ተገዛ፤ ነገር ግን የጥርስ ሳሙና በሚመስል ቱቦ ስለመጣ ከጽዳት ዕቃዎች ጋር ተመድቦ፣ ከእጅ ሳሙናው ጎን ተቆልፎበታል። ማራገቢያን በሚመለከት፣ ለአንድ ክፍል የሚፈቀደው አንድ እንደሆነና የእኛም ድርሻ ጣራችን ላይ እየዞረ እንደሚገኝ ተጻፈልን። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው አይደል? ትእዛዝ አክባሪዎች ነንና ጠረጴዛ በጠረጴዛ ላይ ደራርበን እሜቴን ከጣራው ማራገቢያ ሥር ሰቀልናት፤ ከዚያ ወዲያ እሷን ለማስነሳት መሰላል እንወጣ ጀመር።

ስለ ፈሳሹ የሰጡን ምላሽ ግን ከሁሉም ይበልጣል። የቧንቧ ሠራተኛ ላኩልን! ጋሼ መፍቻቸውን በትከሻቸው ይዘው መጡ፤ ከመጸዳጃ ቤቱ እስከ እሜቴ ያለውን ርቀት ለኩ፤ ግድግዳው የሚበሳበትን ቦታ በጠመኔ አከበቡ፤ ሁሉን ከጨረሱ በኋላ ውሃው የሚወጣው በየት በኩል እንደሆነ ጠየቁን። እትዬ የምንላቸው የክፍላችን ኃላፊ፣ ውሃው የትም አይወጣም፣ እዚያው ውስጧ ሲዞር ይኖራል ቢሏቸው፣ ታዲያ እኔ እዚህ ምን ቤት ነኝ ብለው እየሳቁ ወረዱ። የጠመኔው ክብ እስካሁን ግድግዳው ላይ አለ፤ ለንብረት ቆጠራ ይመች እንደሆነ ብለን አላጠፋነውም።

ሦስተኛ፣ ስለ ማሸጊያው ወረቀት። ማንም እንዳይከፍታት ፊርማዎን ያኖሩበት ወረቀት በእሜቴ ጎን ላይ ተለጥፎ ነበር። ፈቃድ ፍለጋ ቢሮዎ ብንመላለስ፣ ስለ ቀልጣፋ አገልግሎት የሚሰጥ ሥልጠና ላይ መሆንዎ ተነገረን፤ ሥልጠናውም ተራዝሟል አሉን። ወረቀቱን እኔ ላጥኩት ተብሎ የቀረበብኝ ክስ እውነት አይደለም። ሙጫው በሙቀት ቀልጦ፣ ፊርማዎ በራሱ ጊዜ ወርዶ ወለል ላይ ተኝቶ አገኘሁት። የቀረውን ግን አልክድም። እሜቴን ከፈትኋት፤ ያ ሁሉ ሽፋን ያላቆመውን አቧራ አራገፍሁላት፤ የደረቀውን ቅባት ጠርጌ፣ የተገዛው ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታልና፣ ሌላ ገዝቼ ቀባሁላት፤ ከመለዋወጫ ሱቅ በራሴ ወጪ ያመጣኋቸውን ሁለት ትልልቅ ማራገቢያዎች በፕላስቲክ ማሰሪያ ካርዱ ላይ አሰርሁላት። ለዓይን አታምርም፣ እሱን እቀበላለሁ። ነገር ግን ቀዘቀዘች፤ ጩኸቷም ጸጥ አለ፤ እትዬም መብራት የሄደ መስሏቸው ሻማ ሊፈልጉ ተነሱ።

አራተኛውና የመጨረሻው፣ ስለ አጣሪዎቹ። የላኳቸው ሁለት ባለሙያዎች እጃቸውን እሜቴ ላይ ጭነው፣ ጆሯቸውን አስጠግተው ሲያዳምጡ ከቆዩ በኋላ፣ ንብረቱ ቀድሞ የነበረው ድምፅ እንዳልተገኘና ሙቀቱም እንደጎደለ አረጋግጠው ጽፈዋል። በዚሁ መነሻ ክቡርነትዎ፣ ኮምፒውተሯን እስከ ዓርብ ድረስ ወደ ቀድሞ ይዞታዋ እንድመልስ፣ ካልሆነም ንብረት በማጉደል እንደምከሰስ አስታውቀውኛል። ጩኸት ማጉደል ወንጀል መሆኑን ባለማወቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ክቡር ሆይ፣ እስካሁን በፈገግታ ጻፍሁ፤ እዚህ ላይ ግን ፈገግታው እምቢ አለኝ። እትዬ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚህ ክፍል ደመወዝ ነው። የእርስዎ ትእዛዝ በደረሰን ዕለት፣ ማንም ሳያያቸው የመሰላቸው ጊዜ መሳቢያቸውን ከፍተው መነጽራቸውንና የልጆቻቸውን ፎቶ ካርቶን ውስጥ ሲከቱ አየኋቸው። ተናድጃለሁ። ዓርብ ከመለስኋት እሜቴ ቅዳሜን አትሻገርም፤ እሜቴ ካልተሻገረች እኛም ሰኞን አንሻገርም። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ምስሉን እስክናስረክብ ድረስ እሜቴን በቅዝቃዜዋ ይተዉልን። ከዚያ በኋላ የሞተውንም የሚጮኸውንም ማራገቢያ፣ ሁለቱንም በክብር ጠቅልዬ አስቀምጫቸዋለሁና፣ በገዛ እጄ መልሼ እገጥማለሁ። አጣሪዎችዎ መጥተው ጩኸቱን አዳምጠው ይረከቡኝ። ሙቀቱ ጥቂት ቢጎድል ሽፋኑ ይሞላዋል።

ንብረትን ከአቧራ፣ ከነፋስና ከጥቅም ለሚጠብቀው ለማይደክመው ክንድዎ፣ ለሚረዝሙት ሥልጠናዎችዎ፣ በጋሼ በኩል ለላኩልን ሳቅ ደግሞ፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ዕድሜዎ ከማመልከቻዎቼ ቆይታ የረዘመ፣ ወንበርዎም እንደ እሜቴ የሞቀ ይሁን እያልሁ፣ ከመሰላሉ ጫፍ ላይ ሆኜ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ታዛዥዎ፣
በሥዕል ክፍል ጩኸት በማጉደል የተጠረጠርሁት ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለማስታወቂያ ሰሌዳ
ለጋሼ፣ ቧንቧ ክፍል
ለእጅ ሳሙናው ቁምሳጥን፣ ለቅባቱ እንዲነበብለት

ሳልረሳው፦ ይህ ደብዳቤ መዝገብ ቤት ማኅተም ሲጠብቅ እሜቴ አንዴም ራሷን ሳትስት ሥራዋን ጨርሳለች። ዋና ሥራ አስኪያጁም ምስሉን አይተው ወደውታል፤ የክፍሉ መዘጋት ቀርቷል ብለው ለእትዬ በእጃቸው ጽፈው ሰጥተዋቸዋል። አንድ እርማት ብቻ አዘዋል። ሆስፒታሉ ሰው የሌለበት እንዳይመስል በየቦታው ሰዎች አስቀምጬ ነበርና፣ ምጥ የያዛት ሴት በምትገባበት በር ላይ ወንበሩን ዘርግቶ፣ ፊርማ ያለበት ወረቀት በሩ ላይ የሚለጥፈው ሰው መንገድ ስለዘጋ ይነሳ ብለዋል። መልኩ ክቡርነትዎን ይመስላል የሚሉ አሉ። እኔ ወዲያው ላነሳው ነበር፤ ሆኖም ያለ ክቡርነትዎ ፈቃድ ምንም ነገር ከቦታው ማንቀሳቀስ ስለተከለከልሁ፣ ማመልከቻ ጽፌ ጠረጴዛዎ ላይ አስቀምጫለሁ። ፈቃድዎ እስኪደርሰኝ ድረስ ሰውየው በሩ ላይ ይቆያል፤ ሰኞም የሆስፒታሉ ባለቤቶች ሁሉ ያዩታል።