የእትዬ ዋጋዬ የስፌት መኪና

እንዳሻው፣

የቤቴል እናት፣ እትዬ ዋጋዬ፣ ሳይነግሩ መጥተው ነበር። የወደፊት አማቻቸው የሚኖርበትን ቤት ለማየት ነው።

የጠመንጃህ ሞላዎችና ብሎኖች እንደ ወትሮው የምግብ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል። (ሦስት ሳምንት ሙሉ ቆሜ ስበላ ምንም አላልኩም።) በርሜሉንና ሰደፉን ቆልፈህ ስላስቀመጥካቸው ተመስገን።

«ይሄ ሁሉ ብረት ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ።

ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ነው፣ ለዒላማ ውድድር እያሻሻለው ነው፣ ፈቃድም አለው ማለት ነበረብኝ። ለጋብቻው የቀረህ የእሳቸው እሺታ ብቻ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ግን ደነገጥኩ።

«የስፌት መኪና ነው። እንዳሻው ይጠግናል» አልኩ።

ፊታቸው በራ። «ባለሙያ ነዋ! ይቺ ልጅ ለምን ደበቀችኝ?»

የእሳቸው የስፌት መኪና ከተበላሸ አራት ዓመቱ ነው። ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትቬይታ ካለው ቤታቸው በታክሲ ጭነውት ይመጣሉ። ቤቴልም አብራ ትመጣለች።

ሞላዎቹን በየመጠናቸው ለይቼ የእንቁላል ካርቶን ውስጥ አስቀምጬልሃለሁ። አንዷ ዘላ ጠፍታለች።

እውነቱን ንገራቸው። መጀመሪያ ግን መኪናውን ሞክርላቸው።

አብሬህ ብቆም ደስ ባለኝ፣ ግን አረጋውያን ቤት ተረኛ ነኝ፣ ቫክት አለብኝ።

አልነበረብኝም። አሁን ደውዬ ለምኜ ነው ተራውን ያገኘሁት።

ራጉኤል