በቃልሽ የሠራሽው ቤት

እማዬ፣

ከሄድሽ ይኸው አራተኛው ማንጎ ደረሰ። ሰው በወርና በዓመት ይቆጥራል፤ እኔ ግን ያንቺ ልጅ ነኝና በማንጎ ነው የምቆጥረው። የኔንና የወንድሜን ዕድሜ እንኳ ሲጠይቁሽ ኢድሪስ በአበባው ተወለደ፣ እሷ በፍሬው እያልሽ አልነበር የምትመልሺው? የቀበሌው ጸሐፊ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ትክ ብሎ ሲያይሽ ትዝ ይለኛል። ዛሬም ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ተቀምጬ ይህን ስጽፍልሽ የበሰለው ከላይ ዱብ ዱብ ይላል፤ ዶሮዎቹ ይደነግጣሉ፣ እኔም አብሬ እደነግጣለሁ።

ማንበብ እንደማትችዪ አውቃለሁ። ዓርብ ከስግደት በኋላ ኢድሪስ መቃብርሽ ዘንድ ሄዶ ሊያነብልሽ ቃል ገብቷል። ስለ እሱ የጻፍኩትን እየዘለለ እንደሚያነብልሽ ግን ከአሁኑ ልንገርሽ።

ቤታችን እንዳለች ናት። የሽመል አጥሩ በጎረቤታችን በእትዬ ዘሃራ በኩል አጋድሎ ነበር፤ ኢድሪስ በአዲስ ሽመል አቆመው። ባጃጁን አሁንም ይነዳል። ሊያገባ ነው፤ አንቺ እያለሽም ሊያገባ ነበር፣ ታውቂዋለሽ። ወደ ገበያ የሚወስደው መንገድ ድንጋይ ለብሷል፤ ሐምሌ ላይ ጫማችንን በእጃችን ይዘን የምንሻገረው ቀይ ጭቃ ዛሬ የለም። ባሚያ የምትሸጪበት ቦታ ላይ አንዲት ልጅ እግር ሴት ተቀምጣለች። መጀመሪያ ሳያት ተናደድኩ። ኋላ ምን ታድርግ ብዬ ከእሷው ገዛሁ።

አብዝቼ የማስበው ከገበያ የምትመለሽበትን ሰዓት ነው። ፀሐይ ወደ ኩርሙክ በኩል ስታዘቀዝቅ የበሩ ደፍ ላይ ትቀመጫለሽ፣ እግርሽን ትዘረጊያለሽ፣ እኔ ውሃ አፈስልሻለሁ፤ ኢንሻአላህ ትያለሽ፣ ቤቱ ይጀመራል። ጡብ የለ፣ ቆርቆሮ የለ፣ በቃልሽ ብቻ። ለኢድሪስ መንገዱን የሚያይ ክፍል። ለኔ ትልቅ መስኮት ያለው፣ ደብተሬ ብርሃን እንዲያገኝ። ከድንበር መንገድ ለሚመጡ ዘመዶች ሁለት ክፍል፣ አንዱ ለወንዶች፣ አንዱ ለሴቶች። ለአክስቴ ለብቻዋ፣ ታኮርፋለችና። ለባሚያው ማድረቂያ፣ ለስግደት ጥግ፣ ዝናብ ለያዘው መንገደኛ ሰፊ በረንዳ። ዶሮዎቹም አልተረሱም። አንድ ቀን ማንጎዋን ከነግንዷ ቤቱ መሃል አስገባሻትና ዝናቡስ ብዬ ጠየቅኩሽ። ይግባ፣ ዝናብም እኮ ቤት ያምረዋል አልሽኝ።

በበርታኛ ጀምረሽ በአማርኛ ትጨርሺዋለሽ፤ ቃል ሲያጥርሽ አረብኛ ትጨምሪበታለሽ። ግማሹን በእንቅልፍ ልቤ ነው የሰማሁት። ለዚህ ይሆናል ያ ቤት እስከ ዛሬ ወለሉ መሬት የማይነካልኝ። በረንዳው ላይ ስሄድ የእግሬን ኮቴ አልሰማም፤ ነፋሱን ግን እሰማዋለሁ፣ የማንጎዋንም ቅጠል። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሳልፍ ከፊቴ የምትሄጂ ይመስለኛል፤ በር ስከፍት ደግሞ አንቺ ሌላኛውን በር ከፍተሽ ወጥተሻል።

አርክቴክቸር ደረሰኝ ብዬ የነገርኩሽን ቀን ታስታውሻለሽ? ምንድን ነው አልሽኝ፤ ቤት መሥራት ነው አልኩሽ። ምናለ ዝም ባልኩ! በማግስቱ ገበያው ሁሉ ሰማ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለዕረፍት ስመጣ የእትዬ ዘሃራ ኩሽና ግድግዳው ተሰንጥቆ ኖሮ፣ ጭቃውን ከነጭዱ አስቦክተው ጠበቁኝ። ምን ይደረግ፣ አንቺን ላለማሳፈር እስከ ክርኔ ጭቃ ገብቼ መረግኩላቸው። የተማረ እጅ ነው እያሉ እስከ ዛሬ ለሰው ያሳያሉ፤ ግድግዳው ግን ጎብጧል።

ዩኒቨርሲቲ ሆኜ ስልክ በደወልኩ ቁጥር ስንት ቤት ሠራሽ ትይኛለሽ። የመጀመሪያውን ዓመት መስመር ብቻ ነበር የምናሰምረው። ገና አንድም አልሠራሁም ስልሽ ድምፅሽ ያዝንልኝ ነበር። አይዞሽ፣ ጭቃ ሲገኝ ትሠሪያለሽ ትይኛለሽ። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን እስቃለሁ፤ ጓደኞቼ አበደች ይላሉ።

ሁለተኛ ዓመት ልጨርስ ስል ኢድሪስ ደወለ። ሁለት ቀን በአውቶቡስ መጣሁ። አንቺን ግን በዚያው በሞትሽበት ቀን ቀብረውሽ ነበር፣ በኛ ደንብ ሬሳ አያድርምና። የጠበቀኝ ድንኳኑ ብቻ ነው። አልደረስኩልሽም እማዬ። ትምህርቱን ልተወው ብዬ ልብሴን ከሻንጣ አውጥቼ ስደረድር ኢድሪስ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ። ስንት ቤት ሠራሽ ብትልሽ ምን ልትያት ነው አለኝና ልብሱን መልሶ ሻንጣው ውስጥ ከተተው። አጣጥፎ እንኳ አይደለም፣ ጠቅጥቆ።

ተመልሼ ሄድኩ። የመጨረሻው ዓመት ላይ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ትልቅ ሥራ ይዞ ፈታኞች ፊት ይቀርባል፤ ካለፈ ይመረቃል፣ ከወደቀ ዓመቱን ይደግማል። ጓደኞቼ ስታዲየም ሣሉ፣ አየር ማረፊያ ሣሉ፣ ሃያ ፎቅ ሆቴል ሣሉ። እኔ ያንቺን ቤት ሣልኩ። ደፉ ላይ ተቀምጠሽ እንደነገርሽኝ፣ አንድም ሳልጨምር፣ አንድም ሳላጎድል። ወራት ሙሉ ወረቀቱ ላይ ስኖር ከረምኩ። ሞዴሉን የሠራሁት ኢድሪስ ሰንጥቆ በላከልኝ የሽመል ስንጥር ነው። ከመስኮቱ ብርሃን ሲገባበት በረንዳው ላይ ጥላ ይወድቅና ሰው የቆመበት ይመስል ነበር። አንዳንዴ ሳላስበው ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ያ ሰው እንዳይሄድብኝ።

ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ። ወደዱት! በረንዳውን ወደዱት፣ የማንጎዋን ነገር ሦስቴ ጠየቁኝ። በቃ አለፍኩ ብዬ ስደሰት፣ ሦስተኛዋ ፈታኝ፣ መምህርቷ፣ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ለመሆኑ የቤቱ ባለቤት የት ነው የምትተኛው አሉኝ። እዚህ ልል ጣቴን ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ። የኢድሪስ ክፍል ነው። ወደ ቀኝ ወሰድኩት፤ የአክስቴ ነው። ወደ ግራ፤ የእንግዶች ነው። ጣቴ ቤቱን በሙሉ ዞሮ በበሩ በኩል ወጣ። እማዬ፣ አንቺ የለሽበትም።

አሥር ቀን ሰጡኝ፤ አስተካክለሽ ተመለሺ፣ አለዚያ ዓመቱን ትደግሚያለሽ አሉኝ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ተናደድኩብሽም። እውነቴን ነው፣ በሕይወት ሳለሽም እንዲያ ተናድጄብሽ አላውቅም። ሰው ከራስ በላይ ንፋስ ይላል፤ አንቺ ንፋሱን ሳይቀር ከራስሽ አስቀደምሽ። ቀጥሎ በራሴ ተናደድኩ። ከተወለድኩ ጀምሮ አንቺ በሩ ሥር ሰሌን ላይ ነበር የምትተኚው፤ ወደሽው ይመስለኝ ነበር። አመሻሽ አመሻሹን የኔስ ክፍል፣ የኔስ መስኮት እያልኩ ስጨቀጭቅሽ፣ ያንቺስ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩሽም። ያንቺን ክፍል ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ለጥፌ ማለፍ እችል ነበር፤ ማንም አያውቅብኝም። ግን የት እንደምትፈልጊው ሳላውቅ እንዴት ልሣለው?

አሶሳ መጣሁ። ኢድሪስን ጠየቅኩት፤ ሳቀብኝ። የትም ብታስቀምጫት ለእንግዳ ትሰጠዋለች፣ አልጋውን ረሳሽው እንዴ አለኝ። እንዴት እረሳለሁ! ባጃጅ መንዳት እንደጀመረ የገዛልሽ የብረት አልጋ። ሦስት ቀን ተኛሽበት። በአራተኛው አንዲት አራስ ከሸርቆሌ መጣች፤ ልጇን እስክታሳክም አልጋውን ለቀቅሽላት። ስትሄድ አልጋውም ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ታስሮ ሄደ። ኢድሪስ ሳምንት ሙሉ አኮረፈሽ፤ አንቺ ግን ጨቅላ መሬት ላይ ያድጋል እንዴ አልሽው። ወይ አንቺ! እኛስ የት ያደግን መስሎሽ ነው?

በነጋታው ግቢውን ጠረግንና ቤቱን በልኩ፣ አመድ እየበተንን መሬት ላይ ሣልነው፤ ከእትዬ ዘሃራ አጥር እስከ ማንጎዋ ማዶ። ከላይ ሰማይ፣ ከታች ግራጫ መስመር፣ መሃሉ ላይ እኛ። እትዬ ዘሃራ መሠረት የተጣለ መስሏቸው ቤት ለእምቦሳ እያሉ መጡ። እምቦሳ እሰሩ አልናቸው፣ ሌላ ምን እንላለን። በሌለው በር ሲገቡ ጎንበስ ማለታቸው! እኔም ከዚያ በኋላ ግድግዳውን ለመርገጥ ፈራሁ።

ኢድሪስ ሻሽሽን ራሱ ላይ ጣለ። ዕቃ የምትሸከሚበትን እንጨት ከግድግዳው አውርዶ፣ በሁለቱ ጫፍ ቅርጫት አንጠልጥሎ፣ ትከሻው ላይ አሳረፈው። እኔ ልሁን፣ ተመልከቺኝ አለኝ። ያን ወገብሽን ያዝ አድርገሽ የምትሄጂውን አካሄድ እንዴት አድርጎ እንደያዘው! ከገበያ መጣ፤ በረንዳው ላይ ወጣ፤ ኮሪደሩ ውስጥ ገባና ተቸነከረ። እንጨቱ አያዞረውም፣ ጠባብ አድርጌዋለሁ። አምስት ዓመት ተምሬ፣ አንቺ ከነሸክምሽ የማትገቢበት ቤት ሠርቼልሻለሁ! ወደ ኋላ ተመለሰ፣ በምሥራቅ በኩል ዞሮ መጣ፣ በኩሽናውና በማንጎዋ መካከል ያለችው ባዶ ቦታ ላይ ሲደርስ ሸክሙን አወረደ። ኡፍ አለ፣ ልክ እንዳንቺ። ተቀመጠና እግሩን ዘረጋ።

ማናችንም አልሳቅንም። እትዬ ዘሃራ ቁርጥ እሷን አሉና በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ አመዱን አንስቼ፣ ኢድሪስ እንደተቀመጠ፣ ዙሪያውን በተንኩለት። ክፍልሽ ያ ሆነ።

ጠባብ ናት፣ አትቀየሚኝ፤ ሆን ብዬ ነው። አንድ አልጋ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይሞላታል። ሰሌን መዘርጊያ አልተውኩልሽም፣ እንግዳ አስተኝተሽ አንቺ መሬት እንዳትወርጂ። በሯም የሚቀረቀረው ከውስጥ ብቻ ነው። ኮሪደሩንም አሰፋሁልሽ። አንዳንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ማንጎዋ ሥር ጋደም ስል እዚያች ክፍል ውስጥ አይሻለሁ። ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙረሽ ተኝተሻል። ሰው ይመጣል፣ ሰው ይሄዳል፣ ማንም አይጠራሽም። ዝናቡ እንኳ ሲመጣ ቀስ ብሎ ነው። ቀና ብዬ ላይሽ ስል ጥላው ዞሯል፣ ፀሐዩ ፊቴ ላይ ነው።

መምህርቷ ሥዕሉን ብዙ አዩት። ይህቺ ለምን ጠበበች አሉኝ፤ የአልጋውን ታሪክ ነገርኳቸው። እስክሪብቶ አውጥተው ፈረሙ። ተመረቅኩ እማዬ።

አሁን እዚሁ አሶሳ አንድ ትንሽ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ስንት ቤት ሠራሽ ካልሽኝ፣ እስካሁን አንድ አጥርና አንድ መጋዘን ነው፤ እንዳትስቂ። ባለፈው ሳምንት ግን ከባምባሲ አንድ ነጋዴ ቤት ሊያሠሩ ከባለቤታቸው ጋር መጡ። ሰውዬው ይዘረዝራሉ፤ ሳሎን፣ የወንድ ልጆች፣ የእንግዳ፣ የእህል ማስቀመጫ። ሴትየዋ ከኋላ ወንበር ላይ ጃንጥላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ሁሉንም ጻፍኩ። ከዚያ እርሳሴን አስቀምጬ ወደ እሳቸው ዞርኩ። እርስዎስ የት ይሁንልዎ አልኳቸው። ከኔ ጋር ነዋ አሉ ባልየው። እሱማ ይታወቃል፣ እኔ የምለው ማንም የማይጠራዎት፣ ለብቻዎ የሚያርፉበት ቦታ ነው አልኩ። ሴትየዋ ባላቸውን አዩ፣ በሻሻቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ፣ ከዚያ ሳቁ ጠፋ። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ መጣል ጀምሮ ነበር። እስኪ እስከ ነገ ላስብበት አሉኝ።

በማግስቱ ቢሮውን ልከፍት ስደርስ በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው፤ በመጀመሪያው ሚኒባስ፣ ብቻቸውን ነው የመጡት። ወረቀቱን ገና ሳልዘረጋው ቦታውን ሊያሳዩኝ ጣታቸውን አወጡ።

አልረሳሽም የሚለውን ሁሉም ለሟቹ ይላል። እኔ ስንት ቤት እንደምሠራ አላውቅም፣ እሱን አላህ ያውቃል። በያንዳንዱ ቤት ግን አንዲት ሴት አለች፤ እሷን ሳልጠይቅ መስመር አላሰምርም። ጥያቄውን ከየት እንዳመጣሁት ማንም አያውቅም፣ ስምሽንም አይሰሙም። አንቺን ሳልጠይቅሽ የቀረሁትን እነሱን እጠይቃለሁ፣ በጠየቅኩ ቁጥርም አንቺን አስብሻለሁ።

ልጅሽ ሀዋ