ይከፍታል እንጂ አይዘጋም

ሰኞ፣ ጥቅምት 5

ተራ ቀን። የሰርቨር ክፍሉ ማቀዝቀዣ እንደ ሽማግሌ ሲያስል ዋለ። ሻይዬ ቀዘቀዘ።

ከሰዓት ከካርድ ክፍል ተደወለ፤ «ሲስተም የለም!» ወረድኩ። የታካሚው ሰልፍ ደረጃው ላይ ደርሷል። የታካሚዎች መዝገብ ያለበት ዳታቤዝ «ኮኔክሽን ሞልቷል»፣ መግቢያዎቼ ሁሉ ተይዘዋል ብሎ ማንንም አላስገባም አለ። ግን በምን ሞላ? የዚህ ሆስፒታል ሠራተኛ ሁሉ አንድ ላይ ቢገባበት እንኳ ግማሹን አይሞላም...

አለቃዬ መጣና ማሽኑን አጥፍቶ አበራው። ሠራ። «አየሽ?» አለኝ። ዶክተር ሪስታርት የሚሉት ወደው አይደለም።

ማታ ለእናቴ አወራኋት። «ምንም አያውቅም እኮ» ስላት ተቆጣች። «አያውቁም በይ! አለቃሽ አይደሉ እንዴ? አንቱታ አፍ አይቆርጥም።»

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6

እንደገና ሞላ። ጠዋትም፣ ከሰዓትም።

«የኮኔክሽኑን ገደብ ከፍ አድርጊው» አለ አለቃዬ።

«ተቀምጦ የማይነሳ እንግዳ ካለ ወንበር መጨመር ምን ይረባል?»

«ተረት አልጠየቅኩሽም።»

ራሱ ከፍ አደረገው። የተጨመረውም ሞላ። ሜሞሪው አለቀና ማሽኑ ጭራሽ ወደቀ። ለታካሚዎቹ «ልጅቷ እየሠራችው ነው» ብለዋቸዋል። ልጅቷ...

ሐሙስ፣ ጥቅምት 8

አገኘሁት!

ኮኔክሽኖቹን የያዛቸው ማን እንደሆነ አየሁ። ሁሉም ማለት ይቻላል የአንድ ፕሮግራም ናቸው። ሥራ ፈተው ተቀምጠዋል። ለታካሚዎች የቀጠሮ መልእክት የሚልከው... አለቃዬ ራሱ ጽፎ የተጨበጨበለት! መልእክቱ ከሄደ የከፈተውን ኮኔክሽን ዘግቶ ይወጣል። የታካሚው ስልክ ቁጥር ከተሳሳተ ግን ደንግጦ እንደከፈተ ይሄዳል። የስንቱ ታካሚ ቁጥር የተሳሳተ ነው!

ፕሮግራሙ ውስጥ የጎደለው ሁለት መስመር ነው። ሁለት!

አሳየሁት። ስክሪኑን ብዙ አየ። ጆሮው ቀላ። «በጽሑፍ አቅርቢው» አለና ወጣ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ለምን ከበደኝ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 9

ጻፍኩ። ለአስተዳደሩ ስለሆነ የውጭ ቃል አይብዛበት ተባለ። እሺ። ኮኔክሽን «ግንኙነት» ሆነ። ፕሮግራም እንኳ ያው አማርኛ ሆኗል፤ ተውኩት። ርእሱ «የኃላፊው ፕሮግራም»። ከሥሩ፦ «ግንኙነት ይከፍታል እንጂ አይዘጋም። ስሕተት ሲገጥመው ጥሎ ይወጣል።» በቢሮው ወረቀት ላይ ተይበው እንዲያወጡት ለእትዬ ጸሐፊ ሰጠኋቸው።

እናቴ ዛሬ ለግፊት መድኃኒቷ ሆስፒታል ነበረች። ቆማ ውላ እግሯ አብጧል። ካርዷ ስላልተከፈተ የሁለት ሳምንት ብቻ ሰጥተዋታል።

«አንዷ ሴትዮ ሲስተሙን የያዘውን እጁን ይያዘው ስትል ሰልፉ ሁሉ አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ።»

«እማዬ... ሲስተሙን የያዝኩት እኮ እኔ ነኝ።»

አፈጠጠችብኝ። «ታዲያ ምን አድርጊ ብሎሽ ነው የያዝሽው? ልቀቂላቸዋ!»

ስስቅ አብራኝ ሳቀች። ብርድ ልብሱን ተከናንቤ ግን አለቀስኩ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 12

ሳልፍ ኮሪደሩ ሁሉ ይስቃል። የላቦራቶሪው ልጅ ጠጋ ብሎ «እውነት ነው? ከነማን ጋር?» አለኝ። ምን?

ለየክፍሉ የተበተነውን ሪፖርቴን አሳየኝ። «የኃላፊው ፕሮግራም። ግንኙነት ይከፍታሉ እንጂ አይዘጉም። ስሕተት ሲገጥማቸው ጥለው ይወጣሉ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ...

ወደ እትዬ ጸሐፊ ሮጥኩ። «ወይኔ ልጄ! አለቃሽን አንተ ብለሽ የጻፍሽባቸው መስሎኝ! እንዳትጣዪ ብዬ ሁሉንም በአንቱ አደረግኩልሽ።» በሩን መለስ አደረጉ። «ጡረታዬ ደርሷል። ስሜን አታንሺብኝ።»

አላነሳም አልኳቸው። በምን አንጀቴ ላንሳ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 14

ኮሚቴ ፊት ቀረብኩ። የስም ማጥፋት ክስ።

«ከማን ጋር ነው ግንኙነት የከፈቱት?» አለ የአስተዳደሩ ሹም።

«ከዳታቤዙ ጋር።»

አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። የከፈተው ፕሮግራሙ ነው፣ ሰው አይደለም ብዬ አስረዳሁ።

«ፕሮግራም አንቱ ይባላል እንዴ?»

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። እትዬ ጸሐፊ ጥግ ላይ ቃለ ጉባኤ ይይዛሉ። ቀና አላሉም። ዋጥኩት።

ወይ ይቅርታ ጽፌ ሪፖርቱን አነሳለሁ፣ ወይ እወጣለሁ። እስከ ነገ።

በር ላይ አለቃዬ ጠበቀኝ። በለሆሳስ፣ «ምን ለማለት እንደፈለግሽ ገብቶኛል። ስለገባኝ ነው የከሰስኩሽ።»

ገብቶታል! ሰልፉንም ያየዋል፤ በየቀኑ ያልፈዋል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 15

እናቴ «ይቅርታ ምን ይጎዳሻል? ጎንበስ ብሎ ማለፍ ነው» ትላለች። ሌሊቱን አሰብኩት። ጎንበስ ብዬ ባልፍ ሰልፉስ ያልፋል?

ጻፍኩ። «በሪፖርቴ ላይ ለገቡት አንቱታዎች በሙሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ አንስቻቸዋለሁ። ይከፍታል። አይዘጋም። ጥሎ ይወጣል።»

ለፕሮግራሙም፣ ለሌላውም ይሆናል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 16

ወጣሁ። ሁለቱን መስመር በትልቁ ጽፌ፣ የት እንደሚገቡ አመልክቼ፣ ማሽኑ ላይ ለጥፌላቸዋለሁ። እትዬ ጸሐፊ እስከ በር ሸኙኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 27

ሁለት ቦታ አመልክቼ ነበር። «ከቀድሞ አለቃሽ ጠይቀን እንደውላለን» አሉ፤ አልደወሉም። አይደውሉም።

የእናቴ መድኃኒት ካለቀ አራት ቀኑ። ዛሬ ሄዳ ባዶ እጇን ተመለሰች። ሲስተም የለም። ወረቀቴን ቀደው ጥለውት ይሆናል... ወይስ አላነበቡትም?

«ዛሬም ሲስተሙን የያዘው ተረገመ» አለችኝ ጫማዋን እያወለቀች።

«አሜን አልሽ?»

«ምን ብዬ? ልጄ እንዴት እንደሚዘጋ ስላሳየች ተባረረች፤ ያ ከፍቶ የማይዘጋው እዚያው ተቀምጧል አልኳቸው።»

ቀና አልኩ። «ማን ነው የተቀመጠው?»

«እሱ ነዋ!»

እሱ። የሰፈሩን ዘበኛ፣ የአውቶቡሱን ትኬት ቆራጭ እንኳ አንቱ የምትል እናቴ።

አንቱታ አፍ አይቆርጥም ብዬ ላሾፍባት አፌን ከፈትኩ። ባዶውን የመድኃኒት ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ አቁማ ታየዋለች። ተውኩት።