ነጭ ማሰሮ ለሲስተር ዘሃራ

ሰኞ

ተሰነጠቀ። ገና ሳልቀባው የማሰሮው ጎን ተሰነጠቀ። ደግነቱ ሁለት ነበር የሠራሁት።

ሲስተር ዘሃራ ከዚህ ከቆቦ ጤና ጣቢያ ተዛውራለች፤ ቅዳሜ ወደ ደሴ ትሄዳለች። ናሆምን ስወልድ ደሜ አልቆም ሲል፣ አምቡላንስ እስኪመጣ ሆዴን በእጇ እየተጫነች፣ አይዞሽ እያለች ያተረፈችኝ አዋላጅ እሷ ናት። ልጄ አሁን ድክ ድክ ይላል። እኔ ግን ከ"አመሰግናለሁ" በቀር ምንም አላደረግሁላትም።

የሙያ ማሠልጠኛ የሸክላ ሥራ አስተማሪ ምን ይሰጣል? ሸክላ ነዋ።

ማክሰኞ

ለተማሪዎቼ የማሳየውን ፎቶ ሳይ ዋልኩ። የጥንት ጣሊያኖች የመድኃኒት ማሰሮ ነው። ቀዩን ሸክላ የቆርቆሮ ማዕድን በገባበት ቅብ ነጭ ያለብሱትና፣ ላዩ ላይ በወፍራም ሰማያዊ ቀለም ቅጠል ይስሉበታል። ለሕክምና ሰው ከዚህ የተሻለ ስጦታ የት ይገኛል?

የእነሱ ግን ኦክ የሚባል ዛፍ ቅጠል ነው። ዘሃራ አታውቀው፣ እኔ አላውቀው። እሷ የጎብዬ ገበሬ ልጅ ናት፤ ያደገችው ማሽላ መሃል ነው። ማሽላ እስልላታለሁ።

ረቡዕ

ሁለተኛውን ነጭ ቀባሁና ሳልኩት። ቅቡ እሳት ሳይነካው እንደ ዱቄት ነው፤ ብሩሹ ገና ሲያርፍበት ቀለሙን ምጥጥ ያደርገዋል። አጥፍቶ መሳል የለም። ናሆምን አዝዬ ነበር። ረጅሙን ቅጠል ስስብ ተራገጠና ቅጠሉ ተጣመመ። ማልቀስ ቃጣኝ። ወጥቼ ከግቢው ጀርባ ያለውን የማሽላ ማሳ ባየው፣ ቀጥ ያለ ቅጠል አንድም የለም። እንዳለ ተውኩት።

ሐሙስ

እቶኑን በጠዋት አበራሁት። ረፋዱ ላይ መብራት ሄደ። ሲመጣም ኃይሉ ደካማ ነው፤ ሙቀቱ አልወጣ አለ። ቅቡ ካልቀለጠ ኖራ የተለቀለቀ ሸክላ ሆኖ ይቀራል።

የብየዳ መምህሩ ሰይድ ጋ ሄድኩ። ማሽኖቹ ኃይሉን እንደሚሻሙኝ ነገርኩት።

"ለማን ነው የምትሠሪው?" አለኝ።

"ለሲስተር ዘሃራ።"

"የኔንም ሁለቱን ያዋለደች!" ብሎ ማሽኖቹን ሁሉ አስጠፋ። ተማሪዎቹን ዛፍ ሥር ሰብስቦ በቃል ሲያስተምር ዋለ። ሙቀቱ ቀስ እያለ ወጣ። አመሻሽ ላይ ደረሰ። እግዜር ይስጠው።

ዓርብ

እቶኑ ሳይቀዘቅዝ ከተከፈተ ሁሉም ነገር ገደል ገባ። የናሆምን ልብስ አጠብኩ። ቤት ጠረግሁ። እንደገና ጠረግሁ።

ከሰዓት ከፈትኩት። ነጭ! እንደ ወተት! ሰማያዊው ጠርዝ ጠርዙ ላይ ትንሽ ፈሷል። ግርጌው ላይ ቅቡ ሸሽቶ የቆቦ ቀይ አፈር ብቅ ብሏል። ይሁን። ያምራል። ተመስገን።

ቅዳሜ

ናሆምን አዝዬ መናኸሪያ ስደርስ ዘሃራ ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ ነበር። ወረደችልኝ። የጠቀለልኩበትን ነጠላ ፈትታ ማሰሮውን አየችው። ከዚያ "ማሽላ!" ብላ ሳቀች።

"ያን ቀን አንቺ ባትኖሪ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ተይኝ እባክሽ፣ ከእጄ ያመለጥሽ መስሎኝ ነበር እኮ። አፌ ዱዓ ያደርጋል፣ ዓይኔ የአምቡላንሱን መንገድ ያያል። ከዚያ በኋላ ሥራውን ልተወው ሁሉ ብዬ ነበር። ይሄን ልጅ መንገድ ላይ ሳየው ነው የበረታሁት፣ አልሃምዱሊላህ።"

ናሆምን አገላብጣ ሳመችው። ረዳቱ ሲጮህ ማሰሮውን ታቅፋ ገባች።

ከሰዓት በኋላ ደወለች። ደሴ ገብታለች፤ ማሰሮውም ደህና ነው። ሰኞ አዲሱ ቦታ ሥራ ትጀምራለች። "ትንሽ ፈራሁ" አለችኝ።

"አይዞሽ" አልኳት። እኔ ለእሷ አይዞሽ ስል የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው።