ለሜዳው ያረጀ፣ ለፊርማው ያልደረሰ

«ዕድሜያቸው ከተማሪነት ያለፈ ግለሰቦች በመሮጫ ሜዳው ላይ መሮጥ፣ መራመድም ሆነ ቆሞ መመልከት በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን እናሳስባለን።»

ይህን ቃል በቃል የገለበጥኩት በዩኒቨርሲቲው የመሮጫ ሜዳ በር ላይ፣ ከቢሮዎ ማኅተም ጋር ከተለጠፈው ማስታወቂያ ነው።

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲው የስፖርት አገልግሎት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ወገብዎ ከወንበርዎ፣ ወንበርዎም ከጠረጴዛዎ ጋር በፍቅር እየኖሩ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ጉልበቴ ላይ ካለች ትንሽ ሕመም በቀር ደህና ነኝ፤ ይህችንም ያገኘኋት ከሜዳዎ ከተባረርኩ በኋላ አስፋልት ላይ ስሮጥ ስለሆነ፣ ከእርስዎ እንደተላከች ስጦታ ቆጥሬ ተሸክሜያታለሁ።

ማን እንደሚጽፍልዎ እንዲያውቁ ያህል፣ ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ቀን የሕንፃ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ፤ ማታ በዚሁ ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ከሥራ ወጥቼ ክፍል እስክገባ ባለችኝ ክፍተት ደግሞ በሕይወቴ የመጀመሪያ የሆነውን ማራቶን ለመሮጥ እለማመዳለሁ። የሩጫ ጫማዬና የስታቲስቲክስ መጽሐፌ በአንድ ቦርሳ ስለሚያድሩ መጽሐፉ ላብ ላብ መሽተት ጀምሯል፤ ጫማው ግን እስካሁን ስታቲስቲክስ አልገባውም። የመምህራኑን ትምህርት በስልኬ ቀድቼ እየሮጥኩ አዳምጣለሁ። አብረውኝ የሚለማመዱ፣ በልጆቼ ዕድሜ ያሉ ሦስት የክፍል ጓደኞች አሉኝ፤ አንዷ በፈተና ዕለት ከሜዳ በቀጥታ ስገባ አይታ «ጋሼ፣ ይሄ የፈተናው ላብ ነው የማራቶኑ?» ብላ ክፍሉን በሙሉ አስቃብኛለች። ስጀምር አንድ ዙር መጨረስ አቅቶኝ አጥር ይዤ የምቆም ሰው ነበርኩ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ዛሬ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሮጬ በማግስቱ ሥራዬ ላይ እገኛለሁ። የውድድሩ አዘጋጆች ተማሪን የሚመዘግቡት በዩኒቨርሲቲው በኩል ብቻ በመሆኑ፣ የቀረኝ ስሜ በእርስዎ ቢሮ በኩል እንዲተላለፍ ማድረግ ነበር። ቀላሉ ይህ መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. ማስታወቂያው በተለጠፈ ማግስት የበሩ ጥበቃ በታላቅ ትሕትና አስቁሞኝ «አባቴ፣ ልጅዎን ከውጭ ሆነው ይጠብቁ፤ ሲጨርስ ይመጣል» አለኝ። የተማሪነት መታወቂያዬን ሰጠሁት። አገላብጦ አየውና «የልጅዎን መታወቂያ ይዞ መግባት አይቻልም» አለኝ። ፎቶግራፉን እንዲያይ ለመንኩት። አየ፤ እኔንም አየ፤ ከዚያም ከልቡ ተደስቶ «ቁርጥ እርስዎን!» አለ። ሰውየውን አልወቅሰውም፤ የታዘዘውን ነው የፈጸመው። እንዲህ ያለ ልጅ እንዳለኝ ላበሰረኝ ማስታወቂያዎ ግን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

2ኛ. ማስታወቂያው መሮጥን ብቻ ሳይሆን ቆሞ መመልከትንም መከልከሉ አርቆ አሳቢነትዎን ያሳያል። ያረጀ ሰው ሣር ቢያይ ምን ሊያስብ እንደሚችል ማን ያውቃል?

3ኛ. ከሜዳው ዕድሜዬ አልፎ የተባረርኩት እኔ፣ በዚያው ሳምንት ከዚያው ቢሮ የመመዝገቢያ ቅጽ ወሰድኩ። ቅጹ እንዲህ ይላል፦ «ተመዝጋቢው ተማሪ በውድድሩ ለመሳተፍ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ በአካል ቀርበው በፊርማቸው ማረጋገጥ አለባቸው።» ይህ ዓረፍተ ነገር ሲነሳ አንድ ሰው ነበር፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ብዙ ሆኗል። ማራቶን ሯጭ እንዲህ ቢያደርግ ከውድድሩ ይሰረዛል። ይሁን፤ ሰዋስዉን ትቼ ሐሳቡን ያዝኩ። በአንድ ራስ ሁለት ምላስ ሲባል እሰማ ነበር እንጂ በአንድ ማኅተም ሁለት ዕድሜ ሲሰጥ ያየሁት በእርስዎ ቢሮ ነው።

አባቴ በሕይወት ስለሌለ ፈቃድ ልጠይቅ ወደ እናቴ ሄድኩ። እናቴ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው። ቅጹን አንብቤላት ስጨርስ «በዚህ ዕድሜህ ደግሞ ማን እያባረረህ ነው የምትሮጠው?» አለችኝ። ማንም አላባረረኝም ብላት «ታዲያ ካላባረሩህ ቁጭ አትልም?» አለች። ለዚህ መልስ የሚሆን ነገር በሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴ ውስጥ እስካሁን አላገኘሁም። በሚቀጥለው ቀን የማራቶንን ርዝመት ከጎረቤት ጠይቃ ቆየችኝና ጉዳዩ ከቀልድ አለፈ። «ወልጄ፣ አሳድጌ፣ በገዛ እጄ ልፈርምብህ?» ብላ አለቀሰች። ክቡርነትዎ፣ ቅጽ ሲያዘጋጁ ይህች ዕንባ የት ላይ እንደምትሞላ ክፍት ቦታ አልተዉም።

በመጨረሻ «መጀመሪያ ስትሮጥ ልይህ» አለች። ሜዳው ውስጥ እኔ መሮጥ፣ እሷም ቆማ ማየት ስለተከለከልን፣ በሯ ላይ ወንበር አውጥቼላት መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተመላለስኩ ሮጥኩላት። የጭነት መኪና ሾፌሮች ጥሩንባቸውን ነፉልኝ፤ አንዱማ አንገቱን አውጥቶ «አይዞዎት አባባ፣ ሌላ አውቶቡስ ይመጣል!» አለኝ። ስንት ጊዜ እንዳለፍኩባት አላስታውስም። በአንዱ ዙር ላይ እጇን አንስታ አስቆመችኝና «በቃ፣ ገብቶኛል፤ አባትህም እንዲህ ግትር ነበር፤ ወረቀቱን አምጣ» አለች።

ቅጹ «በአካል ቀርበው» ስለሚል በአካል ቀረበች። ቢሮዎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰሩ ላይ «ለሠራተኞች ብቻ» ተብሎ ተጽፏል፤ ሠራተኞችዎ ለስፖርት ያላቸውን ፍቅር ከዚህ ተረድቻለሁ። እናቴ በአንድ እጇ ምርኩዟን፣ በሌላው የደረጃውን ብረት ይዛ፣ በየመታጠፊያው እየተቀመጠች ወጣች። ቢሮው ውስጥ ያገኘነው ወጣት ሠራተኛ ቅጹን ተቀብሎ «እማማ፣ ልጁስ?» አላት። እናቴ በምርኩዟ ወደ እኔ አመልክታ «ይኸውልህ» አለችው። ልጁ አንገቱን አስግጎ ከኋላዬ ሕፃን ፈለገ። ሲያጣ ጊዜ አዘነልንና መፍትሔ አመጣ፦ «እርስዎ አባቱ ከሆኑማ እማማን ለምን አደከሙ? እርስዎ ይፈርሙ፤ አሁኑኑ እመዘግበዋለሁ።»

እንግዲህ ማራቶን ለመሮጥ የሚቀረኝ የራሴ አባት መሆን ብቻ ነበር። እስክሪብቶው ቀርቦልኛል፣ እናቴ ትንፋሿ አልተመለሰም፣ መዝገቡ ተከፍቷል። ነገር ግን የእኔ ሥራ ያልቆመ ምሰሶ «ቆሟል» ብሎ አለመፈረም ነው። ቀን ቀን በሌሎች ሰዎች ላይ የማልፈቅደውን ማታ ለራሴ ልፈቅድ አልቻልኩም። መታወቂያዬን አውጥቼ ተመዝጋቢው እኔው እንደሆንኩ አስረዳሁ፤ እናቴም ፈረመች። ወጣቱ የልደት ዘመኔን ሲያይ ደነገጠና «ይሄማ ከተማሪ ዕድሜ ያለፈ ነው፤ ኃላፊው ካልወሰኑ አልችልም» ብሎ ቅጹን ጠረጴዛዎ ላይ አኖረው። ኃላፊው የት እንዳሉ ስጠይቅ ስብሰባ ላይ እንዳሉ፣ ስብሰባውም «ስፖርት ለሁሉም» በሚል ርዕስ እንደሚካሄድ ገለጸልኝ። ከመሳቅ ራሴን የገታሁት ለእናቴ ስል ነው።

ይህን በአራተኛነት ልቆጥረው አስቤ ነበር፤ ቁጥር አልገባለት አለ። እናቴ የወጣችውን ደረጃ ሁሉ መልሳ ወረደች። አንድም ጊዜ አላማረረችም። ማን እያባረረህ ነው ብላ ስትቆጣኝ የነበረችው ሴት፣ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ቆማ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እንግዲህ አትሮጥም ማለት ነው?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? መልሱ ያለው በእርስዎ እጅ ነው።

ስለዚህ ከክቡርነትዎ የምለምነው ቸርነት ሳይሆን ምርጫ ነው። አርጅተሃል የሚሉኝ ከሆነ፣ ያረጀ ሰው ለራሱ ይፈርማል፤ ፊርማዬን ተቀብለው ስሜን ያስተላልፉ። ልጅ ነህ የሚሉኝ ከሆነ ደግሞ የእናቴ ፊርማ ጠረጴዛዎ ላይ ነው፤ ልጅ ደግሞ ሜዳ ላይ ይሮጣል፤ በሩን ያስከፍቱልኝ። ሁለቱንም ነህ ማለት ግን ለእኔ ሳይሆን ለስታቲስቲክስ መምህሬ የሚቀርብ ጥያቄ ነው፤ እሳቸውም አይሆንም ብለዋል።

ወንበርዎ እንዲጸና፣ አሳንሰሩ እንዳይበላሽብዎ፣ ስብሰባዎም በሰላም እንዲጠናቀቅ እየተመኘሁ፣ ከሦስተኛ ፎቅ ከፍ ባለ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

የወላጅ ፈቃድ ይዞ የኃላፊ ፈቃድ የሚጠባበቅ፣
የማታው ክፍለ ጊዜ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ

ማስታወሻ፦ በቅጽዎ መሠረት ለአካለ መጠን ያልደረስኩ ስለሆንኩ፣ መልስዎን ለእኔ ሳይሆን ለወላጄ እንዲጽፉላት በትሕትና አሳስባለሁ። ፊደሉን ጎላ ያድርጉት፤ ዓይኗ ደክሟል። ምዝገባው የሚዘጋው ሚያዝያ 10 ነው። መልስ ካልመጣ ደረጃውን እንደገና እንደምትወጣ ነግራኛለች፤ እኔም ላስቆማት አልችልም፤ ግትርነት ከአባቴ ብቻ የወረስኩ እንዳይመስልዎ። ይህን ድካም ሊያስቀሩላት ከፈቀዱ፣ ውሳኔዎ በጽሑፍ፣ ተፈርሞና ማኅተም አርፎበት፣ እስከ ሚያዝያ 8 ቀን ከቀኑ አሥር ሰዓት ድረስ በእጇ ይግባ።